ልጅህን ለምን አስገረዝከው ስባል መልስ አጣሁ

ሰላም ለሁላችሁም። እኔ የድሬ ልጅ ነኝ፣ ተወልጄ ያደግኩት አዲስ ከተማ ነው፣ አሁን ከነቤተሰቤ የምንኖረው ሳቢያን ነው፣ ስራዬ ከድሬ ሐረር አባዱላ መንዳት ነው። ሁለት ወንዶች ልጆች አሉኝ። ይሄን እንድጽፍ ያደረገኝ ያለፈው ሳምንት ነገር ነው፣ የግቢያችን ልጅ ሚስቱ ወንድ ወልዳለት ገና አራተኛ ቀኗ ነው፣ ማታ መጥቶ በሬን አንኳኳና "ጋሼ የመጀመሪያ ልጅህን የገረዘው ሰውዬ ስልክ አለህ? እናቴ ስምንተኛው ቀን እንዳያልፍ እያለች ነው" አለኝ። ስልኩን አልሰጠሁትም። ግባ ቁጭ በል አልኩት፣ ባለቤቴ ሆጃ አፈላችልን፣ እስከ ሌሊቱ አምስት ሰዓት አወራን። ለሱ ያወራሁትን ነው እዚህ የማሰፍረው፣ በተለይ ለአባቶች፣ ምክንያቱም እኛ ወንዶች ስለዚህ ነገር አፋችንን ከፍተን አናወራም፣ ሁላችንም ተገርዘናል፣ ሁላችንም ልጆቻችንን እናስገርዛለን፣ ግን ለምን ብሎ የሚጠይቅ የለም።

የመጀመሪያው ልጄ የተወለደው ከስምንት ዓመት በፊት ግንቦት ላይ ነው፣ የድሬን ግንቦት የሚያውቅ ያውቀዋል፣ ሌሊት እንኳን ግድግዳው ይፋጃል። ምጡ ሌሊት ድንገት መጣ፣ እኔ ባጃጅ ፍለጋ ወጥቼ ስመለስ ባለቤቴ ወልዳለች፣ ጎረቤታችን አዴ (ትልቅ ሴት ናቸው፣ ግቢው በሙሉ አዴ ነው የሚላቸው) ልጁን በነጠላ ጠቅልለው ታቅፈውታል። እልል ተባለ፣ ገንፎ ተገነፋ፣ እናትም ልጅም ደህና ስለሆኑ ጤና ጣቢያ መሄድ የሚባል ነገር ትዝም አላለን። አሁን ሳስበው የመጀመሪያው ስህተት እሱ ነበር።

በስምንተኛው ቀን ጠዋት እናቴ ገራዡን ይዛ መጣች። እኔንና ወንድሞቼን የገረዙት አባቱ ናቸው፣ ሞያውን ከሳቸው ነው የተማረው፣ ሰፈሩ የሚያከብረው ሰው ነው፣ ምላጩን እንኳን አይኔ እያየ ነው ከወረቀቱ አዲስ ያወጣው፣ ስለዚህ በሰውዬው ላይ ጣቴን ልቀስር አይደለም። የልጁን እግር የያዝኩት እኔ ነኝ። ማደንዘዣ ምናምን የለም። የአንድ ደቂቃ ነገር ነው፣ ጮኸ፣ እናቱ ጓዳ ገብታ አለቀሰች፣ በቃ አለቀ፣ እንኳን ደስ አላችሁ ተባለ፣ ቡና ተፈላ።

ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ባለቤቴ ጨርቁን ስትገልጠው ደም ነው። ቀየረችው። ከግማሽ ሰዓት በኋላ ስታየው እንደገና ደም ነው። እናቴ "ትንሽ ይደማል፣ ይቆማል" አለች፣ አንዷ ጎረቤት የተፈጨ ቡና ነስንሱበት አለች፣ ሌላዋ አመድ አለች፣ እኔ መሀል ላይ ቆሜ ማንን ልስማ እላለሁ። ማታ ሁለት ሰዓት አካባቢ ልጁ ማልቀሱን አቆመ። ተኛልን ብለን እኮ ደስ አለን! አዴ ናቸው ገብተው እግሩን ዳሰስ አድርገው "ይሄ ልጅ ቀዝቅዟል፣ ተነሱ!" ብለው የጮሁት። በድሬ ግንቦት የቀዘቀዘ ህጻን ማለት ምን ማለት እንደሆነ እስከዛሬ ሳስበው ሰውነቴ ይንቀጠቀጣል። ባጃጅ ውስጥ እኔ ልጁን ይዤ፣ ባለቤቴ የስምንት ቀን አራስ ናት በነጠላ ጫማ፣ ሆስፒታል ደረስን።

ተረኛዋ ዶክተር ወጣት ልጅ ናት፣ ምንም ሳትናገር በጎዝ ጫን አድርጋ ያዘችው፣ ነርሷ ጭኑ ላይ መርፌ ወጋችው፣ አንዲት የምትደማ ስር በክር ሰፉለት፣ ከዛ ደም ተሰጠው። ሲረጋጋ ዶክተሯ ወደኔ ዞራ ያለችኝን አልረሳውም፣ "ሦስት ኪሎ የሆነ ህጻን ሰውነቱ ውስጥ ያለው ደም በሙሉ ሩብ ሊትር አካባቢ ነው" አለችኝ። ሦስት የቡና ስኒ ማለት ነው። እኛ ጨርቅ ስንቀያይር የዋልነው ከዛች ከሦስት ስኒ ላይ ነበር።

ከዛ ካርዱን ይዛ መጠየቅ ጀመረች። የት ነው የተወለደው? ቤት። ሲወለድ ጭኑ ላይ ቫይታሚን ኬ የሚባል መርፌ ተወግቷል? አልተወጋም። በእናትየው በኩል ደም እንቢ የሚለው ወንድ አለ፣ አጎት፣ ወንድም፣ ጥርስ ተነቅሎ ደሙ አልቆም ያለ? እኔንጃ። ለምንድነው ያስገረዛችሁት? ያው... እንደ ሰው። ለምን ዛሬ? ስምንተኛ ቀኑ ስለሆነ። ስምንተኛ ቀን ግዴታ ነው እንዴ? ዝም አልኩ። ልጅቷ እየወቀሰችኝ አልነበረም፣ ለህክምናው የሚያስፈልጋትን ነው የጠየቀችው፣ እኔ ግን የሰላሳ ዓመት ሰው ሆኜ የልጄን ገላ ለምን እንዳስቆረጥኩ አንድ ዓረፍተ ነገር መመለስ አቃተኝ።

የቫይታሚን ኬው ነገር እንዲህ ነው፣ ቀለል አድርጋ እንዳስረዳችኝ። ደም እንዲረጋ ጉበት የሚሰራቸው ነገሮች አሉ፣ እነሱን ለመስራት ቫይታሚን ኬ ያስፈልጋል፣ ህጻን ሲወለድ ደግሞ ከእናቱ ይዞት የሚመጣው በጣም ትንሽ ነው፣ የጡት ወተትም ውስጥ ያለው ትንሽ ነው። ለዚህ ነው ጤና ተቋም የተወለደ ህጻን ወዲያው ጭኑ ላይ 1 ሚሊግራም የሚወጋው። ያልተወጋ ህጻን በመጀመሪያው ሳምንት ውስጥ ከእትብቱም ከአንጀቱም ሊደማ ይችላል፣ ግርዛት ሲጨመርበት ደግሞ አስቡት። ስምንተኛ ቀን ላይ ደም በራሱ ይረጋል የሚባል ወሬ ሰምቼ ነበርና ጠየቅኳት፣ መርፌውን ያልወሰደ ልጅ ላይ በሱ እንዳትተማመኑ አለችኝ። በእናት በኩል የጠየቀችው ደግሞ ሄሞፊሊያ የሚባለውን የደም በሽታ ነው፣ እናት ሳትታመም ለወንድ ልጇ ታስተላልፈዋለች፣ ለዛ ነው የሚስትን ወንድሞችና አጎቶች መጠየቅ የሚያስፈልገው። የጥንት አይሁድ መምህራን እንኳን ሁለት ወንድሞቹ ተገርዘው የሞቱበትን ሦስተኛ ልጅ አትግረዙት ብለው ጽፈዋል አለችኝ፣ የበሽታው ስም ሳይታወቅ ማለት ነው። የኛ ልጅ ተመርምሮ እሱ የለበትም፣ ችግሩ መርፌውን አለመወጋቱ ብቻ ነበር፣ ተመስገን አምስት ቀን ተኝቶ ወጣ፣ አሁን ሁለተኛ ክፍል ነው።

ግን ያ "ለምን" የሚለው ጥያቄ ከጭንቅላቴ አልወጣም። የደንገጎን ዳገት ስወጣ ስወርድ እሱን ነው የማስበው። ስለዚህ መጠየቅ ጀመርኩ።

መጀመሪያ የጠየቅኩት የንስሐ አባቴን ነው። እግዚአብሔር ለአብርሃም የሰጠው ኪዳን ነው አሉኝ፣ አብርሃም ራሱ ሲገረዝ 99 ዓመቱ ነበር፣ እስማኤል 13፣ ከዛ በኋላ የሚወለድ ወንድ በስምንተኛ ቀኑ ይገረዝ ተባለ፣ ጌታችንም በስምንተኛ ቀኑ ተገርዟል፣ ጥር 6 ቀን ግዝረት ብለን የምናከብረው እሱን ነው። እሺ አባቴ፣ ታዲያ ስምንተኛው ቀን ካለፈስ ኃጢአት ነው? አልኳቸው። የለም አሉኝ፣ ክርስቲያን የሚያደርገው የ40 ቀኑ ጥምቀት ነው፣ ቅዱስ ጳውሎስ መገረዝም አለመገረዝም በራሱ አይጠቅምም ብሎ ጽፏል። ከዛ የማላውቀውን ታሪክ ነገሩኝ፣ አጼ ገላውዴዎስ በ1555 እ.ኤ.አ. ከፖርቱጋል በኩል የመጡት ሚሲዮናውያን እናንተ እንደ አይሁድ ትገረዛላችሁ ብለው ሲከሷቸው በጻፉት የሃይማኖት መግለጫ ላይ፣ እኛ የምንገረዘው በኦሪት ሕግ ብለን ሳይሆን የአገር ልማድ ስለሆነ ነው፣ ልክ ፊት ላይ እንደሚነቀሰው ጠባሳ ነው ብለው መልሰዋል። እኚህ ንጉሥ ከአራት ዓመት በኋላ የሞቱት ጀጎልን ካሠሩት ከሐረሩ አሚር ኑር ጋር ሲዋጉ ነው። እኔ በየቀኑ ጀጎል በር ላይ ሰው እያወረድኩ ይሄን አላውቅም ነበር። እንግዲህ የዛን ጊዜ ሁለቱም ወገን የተገረዘ ነው፣ በሱ አልተጣሉም።

ቀጥሎ የአዴን ባለቤት ጠየቅኳቸው፣ ሐረር ኪታብ የቀሩ ሽማግሌ ናቸው። እሳቸው ደግሞ ኺታን (ግርዛት ማለት ነው) ከፊጥራ ነው አሉኝ፣ ፊጥራ ማለት ሰው የተፈጠረበት ንጽህና ነው፣ ጥፍር መቁረጥ፣ ቀድሞ ቀመስ (ሪዝ) ማሳጠር፣ የብብትና የብልት ጸጉር ማንሳት፣ መገረዝ፣ አምስቱ አብረው ነው የተነገሩት። እኛ አገር የሚበዛው የሻፊዒይ መዝሀብ (የሃይማኖት ሕግ መንገድ) ነው፣ በሱ ግዴታ ነው፣ ሌሎቹ መዝሀቦች ላይ ሱና ነው፣ ይወደዳል እንጂ ግዴታ አይደለም የሚሉም አሉ። ዋናው ነገር ጠሃራ ነው አሉ፣ ሸለፈቱ ስር ሽንት እንዳይቀር፣ ሶላቱ ንጹህ እንዲሆን። ቀኑስ አልኳቸው። ሰባተኛ ቀን ይወደዳል እንጂ ቀን አልተቆረጠለትም፣ ልጁ ሳይጎለምስ በፊት ይሁን እንጂ ደካማ ልጅ እስኪጠነክር ይቆያል፣ የልጅን ነፍስ አደጋ ላይ ጥሎ ኺታን የለም አሉኝ። ሁለት ሃይማኖት፣ ሁለት ሽማግሌ፣ ስለ ቀኑ የነገሩኝ ግን አንድ ዓይነት ነገር ነው። ይሄን ቀድሜ ጠይቄ ቢሆን ኖሮ እኮ!

ሦስተኛ የጠየቅኩት እናቴን ነው፣ እውነተኛውን መልስ ያገኘሁት እዛ ይመስለኛል። እማዬ ለምን አስቸኮልሽን? አልኳት። ብዙ ዝም ብላ ቆየችና "ቆላፍ እንዳይባልብኝ ነዋ" አለች። ልጅ ሆነን ደቻቱ ወንዝ ሲሞላ ራቁታችንን ስንዋኝ አንድ ከገጠር ዘመድ ጋር የመጣ ልጅ ነበር፣ አልተገረዘም፣ ምን እንዳደረግነው ብነግራችሁ አሁን አፍሬ ነው፣ ልብሱን ደብቀን ቆላፍ ቆላፍ እያልን እስከ ቀፊራ ድረስ አሯሯጥነው። እናቴ የፈራችው እሱን ነው። የትዳር ነገርም አለበት፣ ያልተገረዘ ወንድ እኛ ጋ ሚስት አያገኝም ይባላል። በኢትዮጵያ ከአስር ወንድ ዘጠኙ የተገረዘ ስለሆነ ያልተገረዘ ልጅ ብቻውን ነው የሚሆነው፣ ይሄ ቀላል ምክንያት አይደለም፣ ልጅ ከእኩዮቹ ጋር እንዲመስል መፈለግ የእናት ወግ ነው። ግን እዩት፣ ልጅ ከልጅ ጋር የሚዋኘው በስድስት በሰባት ዓመቱ ነው፣ በስምንት ቀኑ አይደለም።

የጤናውን ምክንያት ያስረዳኝ ሳቢያን የሚኖር የጤና መኮንን ደንበኛዬ ነው፣ ጠዋት ጠዋት ሐረር ለስራ ሲሄድ ጋቢና ነው የሚቀመጠው። አንደኛ፣ የተገረዘ ህጻን በመጀመሪያው ዓመት የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን የመያዝ እድሉ ይቀንሳል፣ ነገር ግን በሽታው ጤነኛ ወንድ ህጻን ላይ ድሮም ከመቶ አንዱን የሚይዝ ስለሆነ አንድ ልጅ ለማዳን መቶ ያህል መገረዝ አለበት። ሁለተኛ፣ ሸለፈት ስር የሚመጣ ቁስለትና መጥበብ አይኖርም። እዚህ ላይ ግን አንድ ነገር ልጨምር፣ ሲወለድ የልጅ ሸለፈት ከብልቱ ጫፍ ጋር ተጣብቆ ነው የሚወለደው፣ ይሄ በሽታ አይደለም፣ በራሱ ጊዜ በዓመታት ይላቀቃል፣ "ልክፈትለት" ብላችሁ በጉልበት ወደኋላ እንዳትስቡት፣ ይቆስልና ያኔ ነው እውነተኛ ችግር የሚሆነው። ሦስተኛው ኤችአይቪ ነው። ደቡብ አፍሪካ፣ ኬንያና ኡጋንዳ ውስጥ በብዙ ሺህ ወንዶች ላይ ሦስት ትልልቅ ጥናቶች ተሰርተው የተገረዘ ወንድ ከሴት ኤችአይቪ የመያዝ እድሉ በ60 ፐርሰንት አካባቢ እንደሚቀንስ ታይቷል፣ የዓለም ጤና ድርጅትም በ2007 እ.ኤ.አ. ተቀብሎ በሽታው በበዛባቸውና ግርዛት ባልተለመደባቸው አገሮች እንዲሰራበት መክሯል፣ እኛ አገርም ጋምቤላ ላይ በነጻ መግረዝ የተጀመረው በዚህ ምክንያት ነው። ምክንያቱ ደግሞ የሸለፈቱ የውስጥ ገጽ ስስ ስለሆነና ቫይረሱ የሚይዛቸው ሴሎች ስለሚበዙበት ነው።

ይሄን ስጽፍ አንድ ነገር ያሳስበኛል። የጅቡቲ መስመር የሚሰሩ ከባድ መኪና ሹፌር ጓደኞች አሉኝ፣ "እኛ ተገርዘናል አይዘንም" የሚል በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ወንድሞቼ፣ 60 ፐርሰንት ማለት 100 ማለት አይደለም፣ ሹፌር ደግሞ ፍሬኑ ግማሽ የሚይዝ መኪና ይዞ ደንገጎን አይወርድም። ኮንዶም ኮንዶም ነው። ደግሞ ወንዱ መገረዙ ቫይረሱ ካለበት ሚስቱን አያድናትም። እና ይሄም ምክንያት ቢሆን ልጁ ጎልማሳ ሲሆን የሚጠቅመው ነገር እንጂ በስምንተኛ ቀን አስቸኩሎ ምላጭ የሚያስነሳ አይደለም።

አሁን ወደ ሁለተኛው ልጄ ልምጣ፣ ምክንያቱም ከሱ የተማርኩት ይበልጣል።

ከሦስት ዓመት በኋላ ባለቤቴ እንደገና አረገዘች፣ በዚህኛው ወሩ እንደገባ ጤና ጣቢያ አጠገብ ዘመድ ቤት ነው ያስቀመጥኳት። ወለደች፣ ወንድ ነው፣ መርፌውም ተወጋ ካርዱ ላይ ተጻፈ። ከዛ አዋላጇ ሲስተር ልጁን መስኮት አጠገብ አድርጋ ብልቱን ስታየው ቆየች፣ ጠራችኝና አሳየችኝ። የሽንት ቀዳዳው ጫፉ ላይ አይደለም፣ ዝቅ ብሎ ከስር ነው፣ ሸለፈቱም ዙሪያውን አይደለም ያለው ከላይ ብቻ እንደ ግማሽ ኮፍያ ነው። ሃይፖስፔዲያስ ይባላል አለችኝ፣ ከ300 ወንድ ልጆች አንዱ አካባቢ ላይ የሚታይ ነገር ነው፣ ይስተካከላል፣ ግን ስማኝ፣ ይሄ ልጅ እንዳይገረዝ፣ በማንም በምንም እንዳይገረዝ፣ ቀዳዳውን ወደ ቦታው የሚመልሰው ሐኪም የሚጠቀመው ያንን ቆዳ ነው፣ ከተቆረጠ ሌላ ቦታ ቆዳ መፈለግ ነው። ካርዱ ላይም በትልቁ ጻፈችው።

ቤት ስንመጣ ጉድ ነው። አዴ አይተው "ይሄንንስ መላኢካ ነው የገረዘው ማሻአላህ" አሉ፣ በሳቸው ዘንድ የተባረከ ልጅ ነው፣ ቅሬታ የላቸውም። እናቴ ግን ግማሽ ብቻ ተገርዞ የተወለደ ነው፣ የቀረውን ይጨርሱለት አለች። ስምንተኛው ቀን መጣ፣ እኔ እንቢ አልኩ። ከእናቴ ጋር በህይወቴ እንደዛ ተነጋግሬ አላውቅም፣ "ልጄ ቆላፍ ሆኖ ሊቀር ነው" እያለች ሁለት ቀን እህል አልቀመሰችም። በመጨረሻ ይዣት የሄድኩት የንስሐ አባታችን ጋ ነው፣ እሳቸው "ልጁ ይዳን፣ በ40 ቀኑ ይጠመቃል፣ የቀረው በጊዜው ይሆናል" ሲሏት ነው ልቧ የረጋው። ሳይገረዝ ክርስትና ተነሳ፣ ማንም ምንም አላለም።

ሪፈር ተጽፎልን ልጁ ዓመት ከአራት ወሩ ላይ በባቡር አዲስ አበባ ወስደነው ኦፕራሲዮን ሆነ። በስድስት ወርና በዓመት ተኩል መሀል ነው የሚመረጠው አሉን፣ እያደገ ሲሄድ ያስታውሰዋል፣ ይፈራል። ከተሰራለት በኋላ ቀጭን ቱቦ ለሳምንት ያህል ነበረበት፣ ዳይፐር በዳይፐር ላይ እያደረግን ባለቤቴ እንቅልፍ አላየችም። ሐኪሙ ሲያሰናብተን "ቆዳውን ጠብቃችሁ ስላመጣችሁልኝ ስራዬን አቀለላችሁልኝ፣ ስንት ልጅ ተገርዞ ነው የሚመጣልኝ" አለን። ባለቤቴ እዛው ኮሪደር ላይ ተቀምጣ አለቀሰች። እኔ ደግሞ የመጀመሪያው ልጄ ጊዜ የልጁን እግር ይዤ ሳለሁ የሽንት ቀዳዳው የት እንዳለ እንኳን አይቼ እንዳልነበር ያን ጊዜ ነው የገባኝ። ያኔ የሱም እንደዚህ ቢሆን ኖሮ ቆዳው ጠዋት ተቆርጦ ተጥሏል።

ለግቢያችን ልጅ የነገርኩት እንግዲህ ይሄን ነው። ምክንያትህ ሃይማኖት ይሁን፣ ወግ ይሁን፣ ጤና ይሁን አስገርዝ አታስገርዝ አልልህም፣ የኔም ቤት ተገርዟል። ግን መጀመሪያ ካርዱን አውጣና መርፌው መጻፉን እይ፣ ቤት ከተወለደ ሄደህ አስወጋው። ሚስትህን ስለ ወንድሞቿና ስለ አጎቶቿ ጠይቃት። ዳይፐሩን ፍታና ራስህ እይ፣ ቀዳዳው ጫፉ ላይ ነው? ሲሸናስ ወዴት ነው የሚሄደው? ብልቱ ወደታች የታጠፈ ነገር አለው? ክብደቱ 2.5 ኪሎ ያልሞላ፣ ያለ ቀኑ የተወለደ፣ ዓይኑ ቢጫ የሆነ፣ ትኩሳት ያለው ወይ ጡት የማይስብ ልጅ አይገረዝም፣ ይቆያል። የሚገርዘውን ሰው ማደንዘዣ ትሰጣለህ ወይ ብለህ ጠይቀው፣ "ህጻን አይሰማውም" የሚልህ ከሆነ ልጅህን ይዘህ ውጣ፣ ይሰማዋል፣ እኔ እግሩን ይዤ አይቻለሁ። ዕቃው በእንፋሎት የተቀቀለ መሆኑን፣ ደም ቢመጣ የሚሰፋ ሰው እዛው መኖሩን ጠይቅ፣ መጠየቅ ነውር አይደለም።

ከተገረዘ በኋላ ደግሞ ምንም ባዕድ ነገር አታድርጉበት፣ አመድ የለ ቡና የለ ቅቤ የለ፣ አመዱ ቴታነስ ይዞ ሊመጣ ይችላል። እኛ ጋ ሙቀቱም አቧራውም ስላለ ጨርቁ ቶሎ ቶሎ ይቀየር፣ ጎዝ ላይ ቫዝሊን ተቀብቶ ጣል ይደረግበታል እንዳይጣበቅ። በሁለተኛ ሦስተኛ ቀኑ ጫፉ ላይ ቢጫ ስስ ነገር ሲያዩ መግል ነው ብለው የሚደነግጡ አሉ፣ እሱ እየዳነ ነው፣ እንዳትፍቁት፣ በሳምንት በአስር ቀን ይለቃል። የሚያስፈራው ሌላ ነው፣ በንጹህ ጎዝ አምስት አስር ደቂቃ ያለማቋረጥ ተጭኖም ደሙ ካልቆመ፣ ግማሽ ቀን ሙሉ ሳይሸና ከዋለ፣ ጫፉ ከጠቆረ፣ ቅላቱ ወደ ሆዱ ከወጣ፣ ትኩሳት ከመጣ፣ ወይ እንደኔ ልጅ ዝም ካለ። ዝም ማለት ተኛ ማለት አይደለም። ሌሊትም ቢሆን ተነሱ።

ልጁ አደግ ብሎ አምስት ስድስት ዓመቱ ላይ የሚያስገርዙ ደግሞ፣ ግቢያችን ውስጥ አንድ ልጅ ከረሜላ ልግዛልህ ተብሎ ተወስዶ አራት ሰው ይዞት ነው የተገረዘው፣ ለወራት አባቱ አጠገብ አልተኛም። ንገሩት፣ ምን እንደሚሆን ንገሩት፣ መርፌዋ ትንሽ ትቆነጥጥሃለች ከዛ አይሰማህም በሉት፣ ሽርጡን አስመርጡት፣ እሱም ክብር ይሰማዋል።

ሳልነግራችሁ የማላልፈው ሌላ ነገር የሴቶች ጉዳይ ነው። እኛ አካባቢ ሁለቱንም ግርዛት ብለን በአንድ ስም ስለምንጠራ ሰው አንድ ይመስለዋል፣ በፍጹም አይደለም። ለወንዱ የቆጠርኳቸው የጤና ምክንያቶች አንዳቸውም ለሴት አይሰሩም፣ ጥቅሙ ዜሮ ነው ጉዳቱ እስከ ወሊድ ድረስ ይከተላታል፣ ሁለቱም ሽማግሌዎች ጠይቄያቸው የሃይማኖት ግዴታ አይደለም ብለውኛል፣ በ1997 ዓ.ም ስራ ላይ የዋለው የወንጀል ሕግ ደግሞ አንቀጽ 565 እና 566 ላይ በእስር የሚያስቀጣ አድርጎታል። ሴት ልጅ የለኝም፣ የእህቴ ልጆች ግን አሉ፣ በነሱ ላይ ማንም እጁን አያሳርፍም ብዬ ለቤተሰቡ በግልጽ ተናግሬያለሁ።

የግቢያችን ልጅ ሲወጣ በር ላይ ቆሞ "እናቴን ምን ልበላት?" አለኝ። እኔ ጋ አምጣት፣ የኔ እናት ታናግራታለች አልኩት። በማግስቱ ሁለቱ ሴቶች ቡና ላይ ተቀምጠው እናቴ ስትነግራት ከመስኮት ሰማሁ፣ "የመጀመሪያውን እኔ ነኝ ልገድለው የነበረው፣ እኔ ነኝ ያስቸኮልኩት" እያለች ነው። ስምንተኛው ቀን አለፈ። ልጁ መርፌውን ወስዷል፣ ቀዳዳውም ቦታው ላይ ነው፣ ግን ዓይኑ ትንሽ ቢጫ ስላለ ይቆይ ተብሏል፣ ማክሰኞ እንደገና ሊያዩት ቀጥረዋቸዋል፣ የማደርሳቸው እኔ ነኝ።